ወደ ላይ የሚንጠባጠብ

ሰኞ የካቲት ስድስት ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ የካርቱም ሐበሾች ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ጌታሁን የሟቹን ጠርሙስ በመታጠቢያ ቤቱ ቀዳዳ ደፍተው ጨረሱ። የሟቹ ልጅ ህሊና የደረሰችው የመጨረሻው ሲንቆረቆር ነበር።

«ምን አደረጉ፣ ጋሼ?»

«የአባትሽን ስም አዳንኩ!» አሉ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለቅሶ ሊደርሱ መንገድ ላይ ናቸው። በዚህ በእርሾ ሽታ ልንቀበላቸው ነው? ፖሊስ ቢጠራብንስ? ኸላስ፣ አለቀ።»

«አረቄ መስሎዎት ነው?»

«ስኳር አለው፣ እርሾ አለው፣ ቱቦ አለው። እኔ ጎጃሜ ነኝ፣ ልጄ፤ አረቄ አታስተምሪኝ።»

በአረቄ አገር ልጅነታቸው የሚኮሩት እኚህ ሰው፣ እሳት ያልነካው፣ ድስት ያላየው፣ ከዓሣ ገንዳ ጋር የተጋጠመ አረቄ በማግኘት በዓለም የመጀመሪያው ሆኑ። ህሊና ግን ባዶውን ጠርሙስ ተቀብላ ወደ ጓዳው መለሰችው። በለቅሶ ቤት የማኅበር ሊቀመንበር ስሕተት ከልጅ እውነት ይልቅ ይከበራል።

ቀብሩ ቅዳሜ ነበር፤ ዛሬ ሣልስት ነው። ባሕሪ ሰፈር ባለው የሟቹ ቤት ግቢ፣ በኪራይ ወንበሮች ላይ፣ ለቅሶ ደራሹ ሻዩን ይጠጣል፤ የሟቹንም ሕይወት እንደ ስኳሩ ያማስላል። ሐኪሙ በሞት ወረቀቱ ላይ «ልብ» ብሎ ጽፏል፤ ለቅሶ ቤቱ ግን «ጉበት» ብሎ ወስኗል።

«ምስኪን! ጓዳው ውስጥ ብቻውን ይውል ነበር አሉ፤» ትላለች አንዷ።

«ብቻውን? ከቱቦው ጋር ነዋ!» ትላለች ሌላዋ።

ሁለቱም እንባ የሚመጣላቸው አዲስ ሰው ሲገባ ነው።

ሟቹ ተድላ የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበር። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር አንድ ባለጸጋ የጣለውን ስንጥቅ የመስታወት ገንዳ ተሸክሞ አመጣ፤ በሲሊኮን ደፈነው፤ አሸዋ አነጠፈበት፤ ዓሣና የውኃ ሣር አኖረበት። ዓሣው ኖረ፤ ሣሩ ግን ቢጫ ሆነ። ሣር ከዓሣ ትንፋሽ የሚያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይበቃውም ነበር። ሀብታም ይህን ጋዝ በብረት ሲሊንደር ይገዛል፤ ድኻ ግን እርሾን ስኳር አብልቶ ትንፋሹን ይቀበላል። ተድላም የጠርሙሱን ክዳን በስቶ ቱቦ ሰካ፤ መሐል ላይ የጉሉኮስ መንጠብጠቢያ አስገብቶ ውኃ ሞላበት፤ አረፋዋም አንድ በአንድ በዚያ እያለፈች ወደ ገንዳው ትገባ ጀመር።

መጀመሪያ ግን ዘዴውን የሚያስረዱ ስድስት የአረብኛ ገጾች ከኢንተርኔት አሳትሞ መጥቶ ነበር። ሃያ ዓመት የተናገረውን አረብኛ ማንበብ አይችልም።

«ህሊንዬ፣ ይቺን አንዴ አንብቢልኝ።»

«ፈተና አለብኝ፣ አባባ።»

ሦስት ጊዜ ጠየቃት። በክፍሏ አንደኛ የምትወጣው፣ መሃይምነትን ስለ ማጥፋት ድርሰት ጽፋ የተሸለመችው ልጅ፣ ሦስቱንም ጊዜ ፈተና ነበረባት።

ኅዳር ላይ ደግሞ ቡሪ ሰፈር ውስጥ ከወይንሸት ቤት ሲወጣ አየችው። ወይንሸት በድብቅ አረቄ እንደምታወጣ የማያውቅ ሐበሻ ካርቱም ውስጥ የለም። «እርሾ ልወስድ ነው» ቢላት ፊቷን አዞረች፤ ሆስፒታል እስኪገባም ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልሰጠችውም።

ሆስፒታል ውስጥ፣ የተሰካለትን ጉሉኮስ እያየ ሳቀ። «ይሄ ወደ ታች ነው የሚንጠባጠበው፤ የኔ ወደ ላይ ነው። እንዳይቆምብኝ፣ እሺ?»

«እሺ» አለችው።

ጠርሙሱን የሞላው ሆስፒታል በገባበት ዕለት ጠዋት ነበር። እሱ ሞቶም፣ ተቀብሮም፣ አረፋዋ አልቆመችም። ህሊና በየጠዋቱ እየገባች ትቆጥራት ነበር። እጁ ጀምሮት ገና ያላለቀ ያ ብቻ ነበር፤ አቶ ጌታሁን ጨረሱት።

አስር ሰዓት ተኩል ላይ ሙሄዲን ገባ፤ የጥጉ ባለ ሱቅ፣ የወሎ ሰው። ሽታው እንዳይደርሰው የተፈራው እሱ ነበር።

«አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ፤» አለና ሁለት ኪሎ ስኳር አስጨበጣት። «ለሻይ እንዳታደርጉት፤ የሣሩ ነው። ወላሂ፣ ተድላ ስኳር በወሰደ ቁጥር አረፋውን ካላየህ ብሎ ጎትቶ ያመጣኝ ነበር። ዛሬስ እንዴት ነው? ይሠራል?»

አቶ ጌታሁን ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የሣሩ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እኔም ጠርጥሬ ነበር፤» አሉ።

ወይንሸት በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ በግራና በቀኟ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። አርብ አርብ ቤቷ ከተቀመጡ ማንም የማያስነሣቸው ሰዎች ሰኞ አጠገቧ መቀመጥ ተጠይፈዋል። የሙሄዲንን ወሬ ስትሰማ ተነሥታ ህሊናን ወደ ጓዳው ተከተለች፤ ባዶውን ጠርሙስ አንሥታ አሸተተች።

«የደፋው ሰውዬ አጥቦታል?»

«አላጠቡትም።»

«ስንፍናው ጠቀመን። ይኸው፣ አተላው ሥሩ ላይ አለ፤ አልሞተም። ለብ ያለ ውኃ አምጪ።»

ስኳሩን በእጇ መዝና ጨመረች። «የሱቅ እርሾ ሁለት ቀን ጮኾ ይሞትበት ነበር። የኔ ዝግተኛ ነው፣ ይቆይልሃል ብዬ ሰጠሁት።» ክዳኑን አጥብቃ ዘጋች። «ግን አንቺ ባትኖሪለት የት ይደርስ ነበር!»

«እኔ?»

«ያን ሁሉ አረብኛ ነዋ! ‹ልጄ ሥራዋን ትታ፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ አነበበችልኝ› ይለን ነበር። ቤቴ የሚጠጡት ሁሉ ቀንተውበታል። ጌታሁንማ ‹የኔዎቹ ስልክም አያነሡልኝ› ብሎ አለቀሰ።»

ህሊና ሦስት ቀን ሙሉ ለግቢው ሰው ስታድለው የዋለችው ንቀት፣ አሁን ባለቤቱን አገኘ።

«እስኪነሣ ጊዜ ይወስዳል፤ አትነቅንቂው፤» አለች ወይንሸት ነጠላዋን እየደረበች። «ያላ፣ ሐፍላው ሳይሞላ አውቶቡስ ተራ ልድረስ።»

ህሊና ብቻዋን ቀረች። ከገንዳው ሥር ስድስቱን ገጾች አወጣች፤ ጠርዛቸው በውኃ ተጨማድዷል፤ ዳርቻቸው ላይ ተድላ ያልገቡትን ሥዕሎች በእርሳስ ከቧቸዋል። የአባቷን በርጩማ ስባ ከራሷ ወንበር ጋር አገጣጠመችው። የመጀመሪያውን መስመር በጣቷ ይዛ፣ አረብኛውን በአማርኛ እየመለሰች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ሁለተኛውንም አነበበች። በመንጠብጠቢያው ውስጥ ውኃው ጸጥ ብሏል።

ጣቷን ከመስመሩ ሳታነሣ ወደ በርጩማው ዞር አለች።

«ከፈጠንኩብህ ንገረኝ፣ አባባ።»