የሳሎኑ ጥግ

ጎሮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሐሩን ጋር አንድ ሳሎን እንጋራለን። እኔ ሁሌም የምመኘው ወለል ላይ የሚቆሙትን ረጃጅም ስፒከሮች ነበር። ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ የስፒከር ሱቅ ገብተን ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጣቸው ሙዚቃው ደረቴ ውስጥ ገባ።

"ውሰዳቸው እንጂ፣ ምን ያንቆራጥጥሃል?" አለኝ ሐሩን።

"የት ይቆማሉ?"

"መስኮቱ ጥግ።"

እዚያ ጥግ ሐሩን መስገጃውን ያነጥፋል። ከዚያ ውጪ ባዶ ቦታ የለንም።

"አንተስ?"

"ኮሪደር ላይ እሰግዳለሁ። ጎረቤት እየረገጠኝ ጀነት እገባለሁ" ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ጠዋት ሲሰግድ በግማሽ እንቅልፍ የምሰማው ዝግ ያለ ድምፁ ትዝ አለኝ። ቤታችን ቤት የሚመስለኝ ያኔ ነው።

"መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡትን ስጠኝ" አልኩት ሻጩን።

"የቤዝ ድምፃቸው ግን አነስ ይላል።"

"ይሁን።"

ሐሩን ካርቶኑን አንስቶ ወደ ታክሲው ቀደመኝ።