ፍልፈሏና የበሩ ቁልፍ

የጥርስ ሐኪሟን ቤተሰቡ ሁሉ «ቀጣፊዋ» ነው የሚላት። በቀልድ ነው፤ ግን ሰው እኮ አርባ ምናምን ዓመት ሞልቶት፣ የስንቱን መንጋጋ ነቅሎ፣ በገዛ ወንድሙ ሠርግ ላይ «ቀጣፊዋ መጣች!» ሲባል ያማል። ነገሩ የልጅነት ጦስ ነው። ያኔ አባታቸው ለሥራ ብለው ቤት ያመጡት ኮምፒውተር ላይ አንዲት ፍልፈል ነበረች፤ መሬት እየማሰች ዕንቁ የምትለቅምበት የዚያ ዘመን የኮምፒውተር ጨዋታ። ልጅቷ አንድ ቀን ብቻዋን ሆና የመጨረሻውን ዋሻ አለፈች። አለፈች! ግን የነጥቡ ሰንጠረዥ ላይ የለችም። ታላቅ ወንድሟ «ታዲያ የት አለ?» አለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ «የት አለ?» እንዳለ ነው።

ዘንድሮ ታዲያ እልህ ያዛት። ጨዋታው ያለበትን የድሮ ፍሎፒ ዲስክ ከቁም ሳጥን ጥግ ቆፍራ አወጣች፣ ማንበቢያ ገዛችለት፣ አዲሱ ኮምፒውተር አሮጌ መስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ጫነች። መጀመሪያ ጥቁር ስክሪን ብቻ። ቀጥሎ ፍልፈሏ መጣች፤ ወይ አመጣጥ! ማሽኑ ፈጣን ነዋ፣ ገና ብቅ ከማለቷ ከግድግዳ ተላትማ ሞታ ቁጭ። ሐኪሟ ፍጥነቱን አበረደች፣ ደግማ አበረደች። ፍልፈሏ እንደ ድሮዋ ቱስ ቱስ ማለት ስትጀምር ከወንበሯ ዘላ ተነስታ ጮኸች። በማግስቱ ክሊኒኳ ውስጥ የጨዋታውን ዜማ እያንጎራጎረች ስትቦረቡር፣ አፉን የከፈተው በሽተኛ «ምን ነካት?» በሚል ዓይን ሲያያት ዋለ።

ችግሩ፣ ነጥቡ አይቀመጥም። ተጫውታ ተጫውታ፣ በነጋታው ስትከፍት ሰንጠረዡ ባዶ። ፎልደሩን ቀየረች፣ ፕሮግራሙን አጥፍታ እንደገና ጫነች፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ እንደሷ በድሮ ጨዋታ ያበዱ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ድረ ገጽ ላይ ችግሯን ጻፈች። አንድ የማታውቀው ሰው መለሰላት፦ «ይቺ ጨዋታ ነጥቡን ዲስክ ላይ የምትጽፈው ከሜኑው ‹ውጣ› የሚለውን ሲመርጡ ብቻ ነው። ለመሆኑ እርስዎ እንዴት ነው የሚዘጉት?»

ሐኪሟ ፊቷ በርበሬ መሰለ። እንዴት ነው የምትዘጋው? የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው መንጭቃ ነዋ! በልጅነታቸው ጨዋታ ክልክል ነበር። የአባታቸው ቁልፍ በሩ ላይ ቀጭ ሲል እሷ ገመዱን ትነቅላለች፣ ወንድሟ መጽሐፍ ይገልጣል፤ የሥራ ክፍፍል ነው። አሁን አባቷ አርጅተው የሚኖሩት ከእሷ ጋር ነው። ከእግር ጉዟቸው ሲመለሱ ቁልፉ ቀጭ ይላል፣ እጇም እሷን ሳያማክር ወደ ገመዱ ይሄዳል። ያኔም ነጥቧን የበላባት ይኸው ነው ማለት ነው! «አልዋሸሁም! ድሮም አልዋሸሁም!» እያለች ቤቱን ብቻዋን አደበላለቀችው።

እሁድ ወንድሟ ምሳ ተጠራ። አባትየው ለእግር ጉዞ እንደወጡ ጎትታ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጉድህን ታያለህ።»

«ኧረ ተይኝ አንቺ ቀጣፊ! ይልቅ ምሳው ይቅረብ።»

«ዝም ብለህ እይ!»

ፍልፈሏ ብቅ ስትል ግን ጋሼ ምሳውን እርግፍ አድርጎ ተወው። «በግራ! በግራ ነው እኮ የምልሽ! ድንጋዩ ሊጨፈልቅሽ ነው!» ሰው ሁሉ የሚፈራው የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ከነቦርጩ ወንበር ላይ ቆመ። የመጨረሻው ዋሻ ተከፈተ። ሐኪሟ ፍልፈሏን በድንጋዮቹ መሃል አሾለከቻት። ዕንቁዋን አፈፍ! ሰንጠረዡ መጣ፤ አንደኛ! ስሟን ጻፈች።

«አንቺ...» አለ ጋሼ ቀስ ብሎ ከወንበሩ እየወረደ፣ «ለካ እውነትሽን ነበር?»

«ነዋ! ቆይ፣ አሁን ‹ውጣ› ልበላትና...»

ቀጭ።

ገመዱ እጇ ላይ ነው። ስክሪኑ ጨልሟል። ጋሼ ከየት እንዳነሳው የማይታወቅ ጋዜጣ ዘቅዝቆ ያነባል።

አባትየው በሩ ላይ ቆመው ሁለቱንም አዩአቸው። ከዚያ እንደ ድሮው ቀስ ብለው ተጠጉና መዳፋቸውን የስክሪኑ ጀርባ ላይ አሳረፉ። «ይሞቃል» አሉ።

ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። ጋሼ እንባውን እየጠረገ ለሚስቱ ደወለ። «ስሚኝማ፣ አልፋዋለች! በዓይኔ በብረቱ አየሁ!»

«እሺ፣ የት አለ?» አለ የስልኩ ድምፅ።

«እሱማ... ጠፋ።»

«ወይ ጉድ! አንድ ቀጣፊ አልበቃን ብሎ ሁለት ሆናችሁ?»

ሐኪሟ መናደድ ነበረባት። ግን ደስታው አላስቀምጥ አላት። ወንድሟ አምኗታል፤ ያውም ስለ እሷ ብሎ ቀጣፊ እየተባለ።

አባትየው ወንበር ስበው መሃላቸው ተቀመጡ። የበሩን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩላት።

«በይ ያዢው። ሌላ የሚመጣ ሰው የለም» አሉ። «ከመጀመሪያው ጀምሪ፣ እኔም ልይ።»

ሐኪሟ ገመዱን መልሳ ሰካች።