አክስቱ አንደኛ የወጡበት ጠዋት

የዓይን ሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች የሚያስተዳድረውን ሰው ሁሉም «መብረቁ» ይለዋል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ኮምፒውተር ኮቴውን ሲሰማ ብድግ ብሎ ይነሳል፤ አንዴ ቢያስነጥስ የሦስት ፎቅ ማሽን ሥራ ይጀምራል። ያን ቀን ጠዋት ግን መብረቁ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቀረ።

ዋና ነርሷ የጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር፤ ለቀዶ ሕክምና ቀድመው የተመዘገቡትን። መዝገቦቹን በተፈጠሩበት ቀን ሲደረድር አንደኛ ሆነው ብቅ ያሉት የገዛ አክስቱ ናቸው! ባለፈው ወር እጃቸውን ይዞ ያስመዘገባቸው አክስቱ!

«ዘመድህን ጉብ አደረግካት አይደል?» አለች ነርሷ። «ውጭ ተራውን የሚጠብቀው ልብስ ሰፊ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶት ሱቁን ከዘጋ ሁለት ዓመቱ። እንግዳው ሐኪም ደግሞ ዛሬ ማታ ይሄዳል፤ የሚመለሰው የዛሬ ዓመት ነው።»

«እኔ? እናቴ ትሙት አልነካሁም!»

ደግሞ ደረደረ። አሁንም አክስቱ። ቀኑን ሲያይ ይባስ ዞረበት፤ የመዝገቡ ሰው ሁሉ የተፈጠረው ባለፈው እሑድ ነው። አገር ምድሩ በአንድ ጀምበር ተወለደ?

እሑድ... መዝገቦቹን ወደ አዲሱ ማሽን ያዛወረ ዕለት! «መዝገቡ የተፈጠረበት ጊዜ መለያ ቁጥሩ ሆድ ውስጥ አለ፤ ለብቻው ቀን መጻፍ የጀማሪ ሥራ ነው» ብሎ የምዝገባውን ቀን ጥሎታል። አዲሱ ማሽን ደግሞ ለእያንዳንዱ መዝገብ እንደገባበት ተራ የእሑድን ቀን የያዘ አዲስ ቁጥር ሰጠ። ለሙከራ አስቀድሞ ያስገባው የአክስቱን ነበር።

ዕቃ ቤት የተጣለውን አሮጌ ማሽን ጎትቶ አምጥቶ ሰካውና በዚያ ደረደረ። ልብስ ሰፊው አንደኛ። አክስቱ ከግርጌም ግርጌ።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሮጠ፤ አክስቱ የቀዶ ሕክምና ልብስ ለብሰው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል።

«አንተ መብረቅ፣ ምን አመጣህ?»

«አክስቴ፣ ተራዎ አይደለም። ቀኑ ቁጥሩ ውስጥ... ቁጥሩ ደግሞ እሑድ...»

«ቆይ። እኔ የተመዘገብኩት መቼ ነው?»

«ባለፈው ወር።»

«ታዲያ ይሄን ለማወቅ መብረቅ ያስፈልጋል?»

ልብስ ሰፊው የነርሷን ክንድ ይዞ ገባ። «አልጋው ላይ ሰው አለ እንዴ?»

«ነበረ፤ ና ወንድሜ፣ አሙቄልሃለሁ» ብለው አክስቱ ግድግዳውን እየዳበሱ ተነሡ። መብረቁ ማንን እንደሚደግፍ ግራ ገብቶት መሐል ወለሉ ላይ ቆመ።