በቦርሳው ሥር የተሰፋው

ላቦራቶሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ጠዋት ጠዋት ማንም ሻይ ሳይቀምስ ሚዛኑንና መሣሪያውን ሁሉ እየዞረች ስለምትፈትሽ "ሚዛን" የሚል ስም አውጥተውላታል። ጀማሪዎቹ "እትዬ ሚዛን"፣ እኩዮቿ "ሚዛን" ይሏታል። ባሏ ደግሞ ሲያቆላምጣት "ሚዛኔ"፣ ሲናደድባት "አንቺ ሚዛን" ይላታል። የጡረታ ጊዜዋ ሲቃረብ የሥራ ባልደረቦቿ ምን ስጦታ እንደምትፈልግ ጠየቋት።

"ተራራውን" አለች።

ሳቁባት። እሷ ግን አልሳቀችም።

ተራራው ከላቦራቶሪው መስኮት ይታያል። ዝናብ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከከተማው ጣሪያዎች ጀርባ ጫፉ ነጥቶ ብቅ ይላል። የሥራ ዘመኗን ሁሉ ከማይክሮስኮፑ ቀና ባለች ቁጥር ዓይኗ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ቀይ የደም ሕዋሳትን እንደሚያበዛ ለስንቱ ተማሪ አስረድታለች። ራሷ ግን ከምትኖርበት ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ የበለጠ ከፍታ ወጥታ አታውቅም።

ባሏ መጋረጃ ሰፊ ነው። ሱቁ እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ነው። የተራራውን ነገር ሲሰማ መቀሱን አላስቀመጠም።

"ከመስኮት አላየሽውም እንዴ? ተራራ እኮ ከሩቅ ሲያዩት ነው የሚያምረው፤ ልክ እንደ አማት።"

ቀልዱ ፍርሃቱን መሸፈኛ እንደሆነ ታውቃለች። ባለፈው ዓመት የሳንባ ምች ጥሏት ነበር። ያን ጊዜ በማንኪያ ውሃ ያጠጣት፣ ትራሷን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ያደረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ደጋግሞ መርምሮ "ሳንባሽ ንጹሕ ነው፣ ሂጂ" ብሏታል። ባሏ ግን ሐኪሙ ሌሊት ሌሊት ስትስል አልሰማትም ባይ ነው።

ባልደረቦቿ ተራራውን ከሚወጣ ቡድን ጋር አስመዘገቧት። ጉዞውን የሚመራው ሰው ፊቱን ፀሐይና ንፋስ ያከሰለው፣ ቃል የሚቆጥብ ቀጭን ሰው ነው። ተጓዦቹን ሰብስቦ የተናገረው አጭር ነበር። "ቦርሳችሁን ራሳችሁ ትሸከማላችሁ። ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ከስታዲየሙ ጀርባ ያለውን የድንጋይ ደረጃ ቦርሳችሁን አዝላችሁ፣ እያወራችሁ ትወጣላችሁ። እያወራ መውጣት ያቃተው ሰው፣ ቂም ሳይዝብኝ ይቀራል።"

ሚዛን ቦርሳ የገዛችው ከአንድ ጡረተኛ ሐኪም ነው። ጥሩ ቦርሳ ነው፣ ታቹ ግን ተቀዷል። ባሏ ጠንካራ ሸራ ደርቦ አዲስ ታች ሰፋለት። ባዶውን ላቦራቶሪ ወስዳ መዘነችው፤ ሁለት ኪሎ ሆነ። ከዚያ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶችን ጨመረችበትና ጠቅላላው ልክ አሥር ኪሎ ሲሆን ዚፑን ዘጋችው። ልምምዱን የምትጀምረው ከደረጃው ሥር ስለሆነ ቦርሳው ሱቁ ውስጥ ያድራል። ከሥራ ስትመለስ ታዝለዋለች፣ እስከ ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ደግማ ትወጣለች።

የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቷ በሯ ላይ በርጩማ አውጥታ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች የምትውል ሴት ናት። ሚዛን ባለፈች ቁጥር ነገር አታጣም።

"ዛሬም ቤትሽን አዝለሽ ዞርሽ? ቀንድ አውጣ ሆንሽ እኮ!"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም?"

"እሱማ ቦርሳ ካላዘለ ነዋ!"

መጀመሪያ ላይ እየተሳሳቁ ይተላለፉ ነበር። ሰንበት ብሎ ግን ሚዛን መልስ መስጠት ተወች። ትንፋሿ ለመልስ አልበቃ አላት። ያው ቦርሳ፣ ያው ደረጃ፣ ያው ጫማ፤ ነገር ግን በየሳምንቱ እየከበዳት ሄደ። አንድ ቀን ትከሻዋ ላይ ማሰሪያው የሠራውን ቀይ ሰንበር በመስተዋት አየችና ሸሚዟን ቶሎ ቆለፈች። ለማንም አልተናገረችም። ደሟን ራሷ መረመረች፤ ደህና ነው። የልብ ምቷን አዳመጠች፤ ደህና ነው። ታዲያ ምንድን ነው? ለመቆም ግን እምቢ አለች። አምስተኛ ፎቅ ሳትደርስ ተቀምጣ አታውቅም።

የጉዞው ሳምንት ሲቃረብ ዕቃዋን አልጋው ላይ ዘረጋች። ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ ከላብ ቶሎ የሚደርቅ የውስጥ ልብስ፣ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ፣ የፀሐይ መነጽር፣ የግንባር መብራት፣ ለውኃ መያዣው የሱፍ ልባስ፤ ከፍታው ላይ ውኃ ሌሊት በረዶ ይሆናልና። እያንዳንዱን ላቦራቶሪ ወስዳ በግራም መዝናለች። ከልብሶቹ አንገት ላይ የፋብሪካ ምልክቶቹን በመቀስ ቆርጣ አነሳች። ሳሙናውን ለሁለት ሰነጠቀች። በመጨረሻ የጥርስ ብሩሿን እጀታ ከወገቡ ቆረጠች።

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

"ጥርስሽንስ? ሁለት ሦስቱን ብታስነቅዪ ይቀልሽ ነበር።"

"አንተን ትቼ መሄዴ ብቻውን ስንት ኪሎ አቃለለልኝ።"

ሳቀ።  ዓይኑ ግን ዕቃው ላይ ሳይሆን ትከሻዋ ላይ ነበር።

በዚያው ቀን እራት ላይ ውሳኔዋን ነገረችው።

"ነገ ለመሪው ደውዬ ቦታዬን ለሌላ ሰው እንዲሰጥ እነግረዋለሁ።"

ማንኪያውን ከሳህኑ ጋር አጋጨው። "ምን ሆንሽና?"

"አቃተኝ። ሐኪሙ ደህና ነሽ ይላል፣ ደሜ ደህና ነሽ ይላል፤ ደረጃው ግን በየሳምንቱ እየከበደኝ ነው። ሳንባዬ አልዳነም ማለት ነው። ተራራ ላይ ወድቄ የሰው ሸክም ከምሆን፣ እዚሁ በጨዋ ደንብ ልቅር።"

ደስ ይለዋል ብላ ነበር የጠበቀችው። ባሏ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ውሃ ጠጣ። ብርጭቆውን አስቀምጦ መልሶ አነሳው።

"እስከ ነገ ማታ አትደውዪ።"

"ለምን?"

"እንዲያው… በችኮላ የተሰፋ ይተረተራል።"

የሙያው ተረት ነው ብላ አለፈችው።

በማግሥቱ ጠዋት ተተኪዋ፣ ብልህና ችኩል ወጣት ሴት፣ ወረቀት ይዛ መጣች።

"እትዬ ሚዛን፣ ዛሬ የመጣው ሰው ሁሉ ስኳሩ ሰማይ ነክቷል። ምን በልተው አደሩ?"

"አገር ምድሩ በአንድ ሌሊት ስኳር አይታመምም፣ ልጄ። ሰውየውን ከመጠርጠርሽ በፊት መሣሪያውን ጠርጥሪ። ጠዋት ፈትሸሽዋል?"

"ትናንት ፈትሼው ነበር።"

"ትናንት የተፈተሸ ዛሬ አይመሰክርም።"

ይህን ብላ ወደ ማይክሮስኮፑ ዞረች፤ ነገር ግን ሳትቀመጥ ቆማ ቀረች። ወንበሩን እንደያዘች መስኮቱን አየች። ተራራው ደመና ውስጥ ነበር። ቦርሳውን አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የመዘነችው። ከዚያ ወዲህ ጥፋቱን ሁሉ የጫነችው በሳንባዋ ላይ ነው።

አስፈቅዳ በጊዜ ወጣች። ሱቁ ስትደርስ ባሏ ደንበኛ ቤት መጋረጃ ሊሰቅል ሄዷል፤ ቁልፉ እሷም ዘንድ አለ። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቷ ክብደት እቀንሳለሁ ብላ ገዝታ አልጋ ሥር የወረወረችውን የሰውነት መመዘኛ ከእሷ ተዋሰች። መጀመሪያ ያልተከፈተ የአምስት ኪሎ ዱቄት አስቀመጠችበት፤ አምስት አለ። መሣሪያው አይዋሽም። ጠርሙሶቹን አውጥታ ባዶውን ቦርሳ አስቀመጠችበት።

ስምንት ኪሎ።

አነሳችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ስምንት። ታቹን በመዳፏ ዳበሰችው። ሸራው ውስጥ ረድፍ ረድፍ የሆነ ጠንካራ ነገር ጣቷን ገፋው። ስፌቱን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው፤ እየተፈታ በተደጋጋሚ የተሰፋ ነው። የክሮቹ ቀለም ለየቅል ነው። መጨረሻው ላይ ያለውን ድርብ ቋጠሮ ግን ከሺህ ቋጠሮ መሃል ትለየዋለች። እንዲህ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ ነው።

መተርተሪያውን አንስታ ፈታችው። መጋረጃ ንፋስ እንዳያነሳው ጫፉ ውስጥ የሚሰፉት ጠፍጣፋ ብረቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ በየራሱ ትንሽ ኪስ ውስጥ ተሰፍቷል። እያወጣች መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ በረድፍ ደረደረቻቸው። ንዴቷ ጆሮዋ ድረስ ቢግልም እጇ አልቸኮለም። ደግሞም አንድ ነገር አየች።

ባሏ መሰላሉን ተሸክሞ ሲገባ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር። ጠረጴዛውን አየ። መሰላሉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ዳግም አስተካከለው፤ ደግሞ አስተካከለው።

"መሰላሉ ቆሟል፤ ና" አለችው።

"ዛሬ ላወጣቸው ነበር። ይኸው መተርተሪያ አዘጋጅቼ…"

"እሱን አላልኩህም። እነዚህን ኪሶች እያቸው። የፊተኞቹ ናቸው። ስፌቱ የተጣመመ፣ የሌባ ሩጫ የመሰለ ነው። አንተ እንዲህ አትሰፋም። እነዚህ ደግሞ የኋለኞቹ ናቸው። ለሙሽራ ቤት መጋረጃ እንኳ እንዲህ አትጠነቀቅም። ብረቱ ጀርባዬን እንዳይወጋኝ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልለኸዋል። ምንድን ነው ይሄ? ሁለት ሰው ነው እንዴ የሰፋው?"

ባሏ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

"የፊተኞቹ እንድትቀሪ ነበር" አለ። "ከከበዳት ትተወዋለች፣ እኔም አልተናገርኩ፣ እሷም አልተቀየመች ብዬ። በማንኪያ ውሃ ሳጠጣሽ የነበረው ፊትሽ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኝ ነው።"

"የኋለኞቹስ?"

"የኋለኞቹ እንድትሄጂ።"

ከኋለኞቹ ብረቶች አንዱን አንስታ አገላበጠችው።

"እዚህ ቁጭ ብዬ ኮቴሽን እሰማለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትቆማለች ስል አትቆሚም። ጨመርኩ፤ አልቆምሽም። ደግሞ ጨመርኩ። አንድ ቀን መርፌዬን ይዤ ሳዳምጥ 'ይቺ ሴትዮ እኮ ትወጣዋለች' አልኩ። ከዚያ ወዲህ የሰፋሁት ተራራው ከኔ ብረት እንዳይብስብሽ ብዬ ነው።"

"አፍ የለህም? አትነግረኝም?"

"ብነግርሽ ትገድዪኛለሽ። ብቀንሰው ታውቂብኛለሽ። ሚዛን አይደለሽ?"

"ምኑን ሚዛን! ስድስት ኪሎ ብረት ጀርባዬ ላይ ሲከርም ያላወቅኩ!" ሳቅ አፈናት፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷ ተለወጠ። "ትናንት ልቀር ነበር እኮ። በገዛ ሳንባዬ ላይ ፈርጄ ነበር። ይሄ ቀልድ አይደለም።"

"አይደለም" አለ ባሏ አንገቱን ደፍቶ። "ትናንት እራቱ ጉሮሮዬ ላይ ነው ያደረው።"

 ከዚያ ሚዛን ተነሳች፤ ብረቶቹን እየዘገነች ከነጠርሙሶቹ ቦርሳው ውስጥ ጨመረቻቸው። ዚፑን ዘግታ ከፊቱ አቆመችው።

"እዘለው።"

"እኔ?"

"አንተ። እስከ ቤት። እያወራህ።"

ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ስለ መጋረጃ ዋጋ መወደድ አወራ። ሦስተኛው ላይ ቃሉ አልቆ፣ ግድግዳውን ይዞ፣ የጎረቤቲቱ በርጩማ አጠገብ ቁጭ አለ።

"ደግሞ ወንዱም ቀንድ አውጣ መጣ?" አለች ጎረቤቲቱ። "ይሄኛውስ ቀንዱ ብቻ ነው የቀረው!"

ሚዛን ቦርሳውን ከትከሻው አውርዳ ራሷ አዘለችው፤ እስከ አምስተኛ ፎቅ ሳትቆም ወጣች። ከኋላዋ ትንፋሹን እየጎተተ የሚመጣውን ሰው ኮቴ አዳመጠች። አልጠበቀችውም፤ በሩን ግን ክፍት ተወችለት።

ቅዳሜ ዕለት ከስታዲየሙ ጀርባ ታቹ ያለ ብረት እንደገና የተሰፋውን የጉዞ ቦርሳ፣ እውነተኛውን አሥር ኪሎ፣ አዝላ ቆመች። ትከሻዋን ነቀነቀች። የሆነ ዕቃ የረሳች መስሏት ነበር። መሪው ከጎኗ እየወጣ "አውሪ" አላት።

"ምን ላውራ?"

"ያሻሽን።"

የባሏን ነገር ከመጀመሪያው ጀምራ አወራችለት። ከኋላ የሚመጡት ወጣቶች ለመስማት እየተጠጉ፣ መሳቅ እየፈለጉ ትንፋሽ አጠራቸው። መሪው መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ከደረጃው አጋማሽ በኋላ ጮክ ብሎ ሳቀ። ጫፍ ላይ ሲደርሱ የእሷ ወሬ ገና አላለቀም ነበር።

"ለሌሎቹም ቦርሳ እንዲሰፋላቸው ንገሪው" አላት። "አንቺ ትሄጃለሽ።"

ቁልቁል አየች። ባሏ ከደረጃው ሥር ቆሞ፣ እጁን ከዓይኑ በላይ ጋርዶ ሽቅብ ይመለከታል። ከዚያ ርቀት ፊቱ አይታይም። እጇን ከፍ አድርጋ አወዛወዘችለት። እሱም ሁለቱንም እጆቹን አነሳ።

የጉዞው ዕለት ጠዋት ቦርሳውን ከመዝጋቷ በፊት ፈተሸችው። ትናንት የተፈተሸ ዛሬ አይመሰክርምና ታቹን በመዳፏ ዳበሰች። ጥጉ ላይ ጣቷ ቆመ። አንድ ጠፍጣፋ ብረት በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልሎ ገብቷል፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ቋጠሮው ድርብ ነው።

ባሏ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ቀድሞ የተወለወለውን ጫማዋን ይወለውላል። ቀና አላለም።

ሚዛን መቀሱን አነሳች። ያው የጥርስ ብሩሿን እጀታ የቆረጠችበት መቀስ ነው። ስፌቱ ላይ ጥቂት አቆየችው፤ ከዚያ ወደ መሳቢያው መለሰችው።

"ክብደቱ ልክ ነው?" አላት ባሏ፣ አሁንም ጫማው ላይ እንዳቀረቀረ።

"ልክ ነው" አለች፤ ዚፑንም ዘጋችው።