ሁለት አጭር ፊሽካ

አሰልጣኙ ክፉ ሰው ነበር የሚል ካለ አያውቀውም። ጠዋት ጠዋት ከሯጮቹ ቀድሞ ሜዳ የሚደርሰው እሱ ነው፤ የመሮጫውን መስመር በኖራ የሚያሰምረው እሱ ነው፤ ኮሌጁ ለጫማ የሚሆን በጀት የለኝም ሲል በየቢሮው እየዞረ የሚጨቃጨቀውም እሱ ነው። ራሱ መላጣ፣ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል ሰው ነው። ልጆቹ ከኋላው "ኮች ቢወዳደር ሆዱ አንደኛ፣ እሱ ሁለተኛ ይወጣል" እያሉ ይስቃሉ። እሱም ይሰማቸዋል፤ አይቆጣም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው ያንን ነገር ያደረገው።

ኮሌጁ ትንሽ ነው። የረጅም ርቀት ሯጮቹ በሙሉ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ገብተው ወንበር ይተርፋል። ከነሱ መሀል ስሟ የገነነ አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ሚዳቋ ይሏታል። ሚዳቋ በሮጠችበት ሁሉ ደግሞ ከፊቷ ሻማ አለች።

ሻማ አሯሯጭ ናት። ከፊት ሆና ነፋሱን በደረቷ እየተቀበለች ፍጥነቱን ትጠብቃለች፤ ሚዳቋ ከኋላዋ ተጠልላ ጉልበቷን ትቆጥባለች። ሦስት ዙር ሲቀር አሰልጣኙ ሁለት አጭር ፊሽካ ይነፋል። በዚያን ጊዜ ሻማ ከመሮጫው ወጥታ መሀለኛው ሣር ላይ ትቆማለች፤ ሚዳቋ ትፈተለካለች፤ ጭብጨባው ለሚዳቋ ይሆናል። ለሌላው እያበራች ራሷ ትቀልጣለች ብለው ነው ጓደኞቿ ሻማ ያሏት። እሷም ስሙን አልጠላችውም፤ ወይም ጠልታው እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም።

አሰልጣኙ ለዚህ ሥራ ሲያዘጋጃት አንድ ነገር አጥብቆ አስተምሯታል። "ፊሽካውን ስትሰሚ እንዳታስቢ" ይላት ነበር። "ካሰብሽ ትዘገያለሽ፤ ከዘገየሽ መንገድ ትዘጊባታለሽ። ጆሮሽ ሰማ፣ እግርሽ ወጣ፤ በቃ።" ደጋግሞ አለማመዳት። በመጨረሻ ሻማ በወሬ መሀል እንኳ ሁለት አጭር ፊሽካ ከሰማች እግሯ ይነቃነቅ ጀመር። አሰልጣኙ ይሄን ለሌሎች አሰልጣኞች እያሳየ ይኩራራ ነበር።

የኮሌጆች ውድድር ሲቃረብ ሻማ ወደ ሜዳው ዕቃ ክፍል መጣች። አሰልጣኙ በተሰበሩ መሰናክሎችና በጦር መወርወሪያ ዘንጎች መሀል ተቀምጦ የሩጫ ጫማ ማሰሪያ እየፈታ ነበር። ክፍሉ የማሻሻ ቅባት ይሸታል።

"ኮች፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት።"

"አስቸግሪኝ። ያላስቸገረኝ ማን አለ?"

"በዚህ ውድድር እስከ መጨረሻው ልሩጥ?"

ቀና ብሎ አያት። ሻማ ቀጠለች። ዘንድሮ ተመራቂ ናት፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ውድድር የላትም። ሯጭ ለመምረጥ የአንድ ክለብ መልማይ እንደሚመጣ ሰምታለች። በክለቡ ከተያዘች ደመወዝ አለ፣ መኝታ አለ፣ ሩጫም ይቀጥላል።

"ካልተያዝኩ አክስቴ ልብስ መሸጫዋ ውስጥ ቦታ ይዛልኛለች" አለች። "ቀኑን ሙሉ ቁጭ ማለት ነው። ቁጭ ማለት ደግሞ አልችልበትም።"

አሰልጣኙ ሳቀ። "እሺ ሩጪ። ምን ችግር አለው? እስከምትችይበት ምሪያት፣ ከዚያ የራስሽን ሩጪ። ፊሽካ የለም።"

"እውነትዎን ነው?"

"ቃሌ ነው አልኩሽ እኮ።"

ሻማ ጎንበስ ብላ አመስግና ወጣች። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል፤ አሰልጣኙ ግን ይሄን ቃል የሰጠው ሻማ ታሸንፋለች ብሎ ሳይሆን አራተኛም አምስተኛም ብትወጣ ማንን ትጎዳለች ብሎ ነበር።

ቅዳሜ፣ የውድድሩ ቀን፣ መልማዩ ጥቁር መነጽር አድርጎ ከመሮጫው ዳር ቆመ። አሰልጣኙም አጠገቡ ሄዶ ያወራ ጀመር። ስለ ሚዳቋ አወራ፣ ከየት እንዳገኛት፣ እንዴት አድርጎ እንደቀረጻት፣ አጨራረሷ እንዴት ያለ እንደሆነ። "የእጄ ሥራ ናት፤ ዛሬ ታያታለህ" አለው። ስለ ሻማ አንድም ነገር አላለም። መልማዩ "እንግዲህ እናያለን" ብሎ እጁን አጣጠፈ።

ሩጫው ተጀመረ። ሻማ እንደ ወትሮዋ ከፊት ሆነች፤ ሚዳቋ እንደ ወትሮዋ ከኋላዋ ተለጠፈች። ከዚያ ከግማሽ በኋላ ያልታሰበ ነገር መጣ። ሻማ ፍጥነት ሳትጨምር ሚዳቋ ቀረች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ ሰው የሚገባበት ክፍተት፣ ከዚያ መኪና የሚያልፍበት ክፍተት። ሻማ ብቻዋን እየመራች ነው። ትከሻዋ ልል ነው፤ ትንፋሿ ገና ከአፍንጫዋ ነው። ከሌላ ኮሌጅ የመጣች ረጅም ልጅ ሚዳቋን ተጠግታታለች።

አሰልጣኙ ሻማን አላየም። ዓይኑ ላይ ነበረች፤ ግን አላያትም። ያየው ሚዳቋን ብቻ ነው። ውድድሩ ሊበላሽበት እንደሆነ፣ በመልማዩ ፊት ሊዋረድ እንደሆነ ታየው። ሦስት ዙር ሲቀር ፊሽካው አፉ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ሁለት አጭር።

ሻማ ወጣች። ጆሮዋ ሰማ፣ እግሯ ወጣ። መሀለኛው ሣር ላይ ቆመች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ የነበረው የታዘዘውን የፈጸመ ሰው ፊት ነበር፤ ሥራዋን ጨርሳለች፣ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ነገሩ የገባት ትንሽ ቆይቶ ነው። ተመልሳ ለመግባት አንድ እግሯን አነሳች። ግን አንዴ ከወጡ መግባት የለም፤ ይሄንንም ያስተማራት እሱ ነው። እግሯን መለሰች። ከዚያ ዞራ አሰልጣኙን አየችው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ግን መሬትም እንደ ሰው በምትፈልጓት ጊዜ አትገኝም።

ረጅሟ ልጅ አሸነፈች። ሚዳቋ ሦስተኛ ወጥታ ተዘረረች። መልማዩ መነጽሩን አውልቆ ወደ አሰልጣኙ መጣ። በሜዳው የዝላዩም የውርወራውም ዳኞች ሁሉ ፊሽካ ስለሚነፉ የማን ፊሽካ እንደሆነ አልለየም።

"ያቺ ስትመራ የነበረችው ልጅ ምን ሆና ነው የወጣችው?"

አሰልጣኙ አፉን ከፈተ። በዚህ መሀል ሻማ ላቧን እየጠረገች ደረሰች። መልማዩን አየች፣ የአሰልጣኟን ፊት አየች። ፊቱ እንዴት ያለ ሆኖ እንደታያት እግዜር ይወቀው።

"አሞኝ ነው" አለች። "ጅማቴን። የግራ እግሬን።"

መልማዩ ወደ አሰልጣኙ ዞረ። "ይነሳባታል እንዴ?"

"አዎ" አለ አሰልጣኙ። "አልፎ አልፎ ያስቸግራታል።"

ፊሽካውን የነፋው ሳያስብ ነው እንበል። ይሄን ግን አስቦ ነው የተናገረው። የገዛ ተማሪው ስትሸፍነው ተሸፈነ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ማንም አልዘፈነም። ሻማ መስኮት ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ሚዳቋ ስትወርድ ዕቃዋን አንጠልጥላ አሰልጣኙ አጠገብ ቆመች።

"ኮች፣ እኔ እኮ ደክሞኝ ነበር" አለችው። "እሷ ልታሸንፍ ነበር። አላዩም?"

ቤት ሲገባ ሚስቱ ስፌቷ ላይ ነበረች፤ ልብስ ሰፊ ናት። የሻማን የመሮጫ ቁምጣ ሁለት ጊዜ ያጠበበችላት እሷ ነች። የስፌት መኪናውን ፔዳል ሳታቆም "ልጄስ? ስንተኛ ወጣች?" አለችው።

"አቋረጠች።"

ፔዳሉ ቆመ። "ምን ሆና?"

ለእሷም "አሟት" ሊላት ነበር። ግን ሚስቱ ሰው ሲዋሽ ከድምፁ የምታውቅ ሴት ናት፤ ስለዚህ ነገራት። እያንዳንዱ ቃል እሾህ እንደበዛበት ዓሣ ጉሮሮውን እየወጋው ነገራት።

"ልማድ ነው" አለ በመጨረሻ። "ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያች ቦታ ላይ ስነፋ ኖሬ፣ እጄ ለምዶ…"

"ፊሽካ በእጅ ነው እንዴ የሚነፋው?"

ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

"አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ" አለች መላጣውን እያየች። "አንተ ሁለቱም ሆነልህ። እኔን ግን አታሞኘኝ። ሚዳቋ ስትመራ ብትሆን እጅህ ይለምድ ነበር?"

"አይለምድም ነበር" አለ። ሲናገረው ለራሱም አዲስ ሆነበት። ለልጅቷ ቃል ሲሰጥ እንኳ ልጅቷን አላመናትም ነበር። ሁለት ዓመት ጀርባዋን እንጂ ፊቷን አላየም። አለቀሰ ማለት ነውር ከሆነ፣ ዓይኑን ጠረገ እንበል።

እሑድን እንዲሁ ሲንቆራጠጥ ዋለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእሱ ዝምታ ግን በአንድ ቀን ነቅዞ ሆዱን ይበላው ጀመር። ሰኞ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ክለቡ ቢሮ ሄደ።

መልማዩ በደስታ ተቀበለው። "እንኳን መጣህ፣ ላመሰግንህ ነበር" አለው። "ያቺን አሯሯጭ ልወስዳት ወስኜ ነበር። አሯሯጧን አይተሃል? ግን ጅማት ያው ጅማት ነው። በሽታዋን ሳትደብቅ ስለነገርከኝ ከሸክም ገላገልከኝ።"

አሰልጣኙን ላብ አጠመቀው። ፊሽካው ውድድሩን ነበር የወሰደባት፤ "አዎ" ማለቱ ግን ክለቡንም ወሰደባት። በመንገድ ላይ ሲያዘጋጀው የነበረው ንግግር፣ ልማዱም፣ ጫጫታውም፣ ድካሙም ሁሉ ከአፉ ጠፋ።

"አላመማትም" አለ። "እኔ ነኝ ያስወጣኋት። ሌላዋን ላሳይህ ብዬ፣ እየመራች ፊሽካ ነፍቼ አስወጣኋት። አሞኝ ነው ያለችህ እኔን ላለማዋረድ ነው። እኔም ስትዋሽልኝ አዎ አልኩ።"

መልማዩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ይሄን ለመናገር እዚህ ድረስ መጣህ?" አለ።

"ቅዳሜ መናገር ነበረብኝ።"

"ነበረብህ" አለ መልማዩ፤ አላጽናናውም። "ሐሙስ ጠዋት ሜዳችን ላይ ትምጣ። አሯሯጭ ይዛ ትምጣ፤ ሰዓቷን እኔው ራሴ እይዛለሁ።"

አሰልጣኙ ከሰዓት በኋላ ሯጮቹን ሰብስቦ የቅዳሜውንም የሐሙሱንም በሁሉም ፊት ተናገረ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላጨበጨበም፤ ልጆቹ ጫማቸውን ጫማቸውን ያዩ ነበር። ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ወዴት ማየት እንዳለበት የሚያውቅ ወጣት የለም። ሻማ "ምንም አይደል ኮች" አለች፤ ሁሉም ወደ ልምምዱ ሄደ።

ሊጨልም ሲል ሻማ ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ቆመች።

"ኮች፣ ስለ ሐሙስ ነው።"

"ግቢ። ሚኒባሱን ጠይቄልሻለሁ። አብረን በጠዋት…"

"እርስዎ ባይመጡ ደስ ይለኛል።"

ጫማ ይዞ ነበር፤ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። "ተቀይመሽኛል። አልፈርድብሽም።"

"አልተቀየምኩም። ቅያሜ ቢሆን ይሻል ነበር።" ወደ ሜዳው ዞር አለች። "ዛሬ ጠዋት ብቻዬን እየሮጥኩ ነበር። ማንም የለም፣ ፊሽካም የለም። ሦስት ዙር ሲቀረኝ እግሬ ወጣ። ሣሩ ላይ ቆሜ ነው የባነንኩት። እርስዎ ዳር ቆመው ካየሁዎት ጆሮዬ እርስዎን ነው የሚጠብቀው።"

ይሄን እግር እንዲህ ያደረገው እሱ ነው፤ ሲኮራበትም ኖሯል። ፊቱ እስከ መላጣው ድረስ ጋለ።

"እሺ" አለ። "ማንን ይዘሽ ትሄጃለሽ ታዲያ?"

"ሚዳቋ ታሯሩጠኛለች። ራሷ ናት የጠየቀችኝ።"

"እሷ እኮ አሯሩጣ አታውቅም!" የአሰልጣኝነት ነገር ሆኖበት ድምፁ ከፍ አለ። "መቼ መውጣት እንዳለባት ማን ይነግራታል?"

ሻማ ቅዳሜ ሣሩ ላይ ቆማ ባየችው ዓይን አየችው።

"ማንም" አለች። "ሲደክማት ራሷ ትወጣለች።"