ለዲንሳ መርዶ ሳይነገር

«ኔትወርክ ጠፍቶ ነው በይው!» አለች የሺመቤት፣ ለቀስተኛው እንዳይሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

ሀዊ ፍራሹ ላይ ከእናቷ ከየሺመቤት ጎን ተቀምጣ የአባቷን ስልክ ታያለች። አባቷ ገመዳ ትናንት ቅዳሜ ተቀብሯል። ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ሒሳብ የሚያስተምረው ጓደኛው ዲንሳ ደግሞ ዛሬ በፌስቡክ «ቅዳሜ አለፈ፤ የእንጦጦ ፎቶዬ የታለ? ደህና ነህ ወይ?» ብሎ ጽፏል። ሰውዬው ብቻውን ነው የሚኖረው፣ የልብ ሕመምም አለበት። መርዶ በማለዳ ሰው ከብቦ የሚያረዳው እንጂ ስልክ ላይ የሚወረወር ነገር አይደለም። እናቷ እንዳለቻት ጻፈች።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ተመስገን! ምን ነክቶት ይሆን ብዬ ምግብ እንኳ አልበላ ብሎኝ ነበር።»

ሀዊ ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው። በሞተ አባቷ ስም ሰው አስደስታለች።

ገመዳና ዲንሳ ኮተቤ ለመምህርነት ሲማሩ አንድ ክፍል እያደሩ፣ አንድ ኮት እየተዋዋሱ ነው ያለፉት። ዲንሳ ከአገር ከወጣ ወዲህ ሃያ ዓመት ተጠፋፉ። ሀዊ ፌስቡክ ስትከፍትለት ገመዳ መጀመሪያ የፈለገው የእሱን ስም ነበር። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዳገቱን እያለከለከ ይወጣና ባሕር ዛፉን አንስቶ ይልክለታል። አውራ ጣቱ ያልገባበት ፎቶ የለም። ከሥሩም እንደ ደብዳቤ «አክባሪህ ገመዳ» ብሎ ይጽፋል። ያኔ ሀዊ ትስቅበት ነበር። አሁን ያንን አውራ ጣት ብታገኝ ትስመው ነበር።

የአጎቷ ልጅ ኤቢሳ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ሲጫወት ቆይቶ መጣ።

«የአባትሽን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ልለጥፈው? ሰው ሁሉ እየጠየቀኝ ነው።»

«ዲንሳ ሳይረዳ ብትለጥፈው ዘመድነታችን አበቃ!» አለች ሀዊ።

ከአባቷ የፌስቡክ ጓደኞች መሐል ደርባን ያለ ሰው ስትፈልግ ፊልሞናን አገኘች፤ የአባቷ ተማሪ የነበረች፣ እዚያ ሱቅ ያላት። ጻፈችላት። ፊልሞና እያለቀሰች ደወለች።

«ጋሼ ገመዳ? የኔ ጋሼ?» አለች። ቀጥላም «ነገ በማለዳ እዚህ ያሉትን ያገር ሰዎች ሰብስቤ ጋሼ ዲንሳ ቤት እሄዳለሁ» ብላ ቃል ገባች።

በሣልስቱ ጠዋት በቪዲዮ ተደወለ። ዲንሳ በሰው ተከቦ ተቀምጧል፤ ፊቱ በእንባ ርሷል።

«ትናንት የመለሰልኝ ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እራቴን በልቼ ተኛሁ፣ ልጄ። እግዜር ይስጥሽ።»

የሺመቤት ስልኩን ተቀበለች። የነጠላዋን ጫፍ ያዘችና የስልኩ መስታወት ላይ ከዲንሳ ዓይን ሥር ቀስ አድርጋ ጠረገችው። ዲንሳም ማዶ ሆኖ ዓይኑን ጨፈነላት።