ሽብሩ ያጠበው ትንፋሽ

ይህን የምናወራው ወደን አይደለም። ዲላ የተከበረች ከተማ ናት፤ ሞተረኞቿም የተከበሩ ናቸው። ስለዚህ አንባቢን፣ የአንባቢን ቤተሰብ፣ በተለይም ሞተር ያላቸውን ሁሉ አስቀድመን ይቅርታ ጠይቀናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ በሽብሩ ጋራዥ ካርቦሬተር ሲታጠብ የተነፈሰውን አየር መልሶ ይተፋል።

ሽብሩ የሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነው። ማጠቢያው ከአዲስ አበባ ያስመጣው የብረት ገንዳ ነው። ውሃና ሳሙና ይጨመርበታል፣ የተፈታታው ካርቦሬተር በሽቦ ቅርጫት ይነከርበታል። ማብሪያው ሲጫን የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ውሃውን ያንቀጠቅጠዋል፤ መርፌ የማይደርስበት ቀዳዳ ውስጥ የተጋገረ እድፍ እንኳ ተፈልፍሎ ይወጣል። ሰፈሩ «ባኞ» ይለዋል። ድምፁን የሚሰሙት ውሾች ብቻ ነበሩ። እነሱም በመጀመሪያው ሳምንት ተመካክረው ወደ ላይኛው ሰፈር ሄዱ።

መጀመሪያ የታጠበው የአንድ ቡና ነጋዴ ካርቦሬተር ነበር። ከአረፋው መሀል ነጋዴው የሚመላለስበት የቡሌ ደጋ ጉም ወጣና ጋራዡን ሞላው። ሽብሩ ጉሙ እስኪገፈፍ መፍቻውን በዳበሳ ፈለገ። ቀጥሎ የአንድ መሥሪያ ቤት ሞተር ገባ። ከዚህኛው ስብሰባ ወጣ። «ከላይ በተገለጸው መሠረት» የሚል ድምፅ እስከ ምሳ ሰዓት ዘለቀ፤ ከምሳ በኋላ ውይይት ነበረው። ሽብሩ ጎማ እየለጠፈ አዳመጠ፤ መጨረሻ ላይ ሳያስበው አጨበጨበ።

የእንስሳት ሐኪሙ ካርቦሬተር ሲገባ ግን የሽብሩ እጅ ባለበት ቀረ። ከውሃው መጀመሪያ ረጅም «እፍፍ» ወጣ። ከዚያ የሴት ድምፅ ተከተለ።

«አደራ፣ ወደ ቤቱ መልሰው።»

አስካለ ነበረች። አስካለ የሽብሩ ሚስት ነበረች፤ ካረፈች ከርማለች። ባኞው ከመምጣቱ በፊት የካርቦሬተር ቀዳዳ የምታጸዳው እሷ ነበረች፣ ያውም በአፏ። ሽብሩ ሳንባ የለውም፤ ሁለቴ ነፍቶ ይቀመጣል። እሷ ግን የካርቦሬተሩን ናስ ወደ ከንፈሯ አስጠግታ ጉንጯን ነፍታ አንዴ ትለቅበታለች፤ ቤንዚኑን እንትፍ ትላለች፤ አፏ ውስጥ ከረሜላ ትወረውራለች። ከዚያ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብላ ባለሞተሩን ወደ ቤቱ እንዲመልስ ለብረቱ አደራ ትላለች።

«ለብረት ታወሪያለሽ፣ ለኔ ትኮሳተሪያለሽ» ይላት ነበር ሽብሩ።

«ብረቱ ያዳምጣላ!»

የእንስሳት ሐኪሙ ካርቦሬተር በታጠበ ማግስት ሽብሩ አስካለ የነካችውን ሞተር ሁሉ በነፃ እንደሚያጥብ አስነገረ። ነፃ ነገር ወረፋ አያጣም። ከያንዳንዱ ካርቦሬተር አንድ ትንፋሽና አንድ አደራ ይወጣል። ደግመው ቢያጥቡት የሚወጣው ሳሙና ብቻ ነው። ጉንፋን ይዟት ሳለ የነፋችው ነበረ፤ እየሳቀች የነፋችው ነበረ፤ ከሱ ጋር ተጣልታ የነፋችውም ነበረ። ያንን በሩን ዘግቶ ሰማው።

የታጠቡት ሞተሮች ሲሄዱ ለጉድ ነበር። ችግሩ አለመመለሳቸው ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ የታመመች ላም ሊያይ እዚሁ ቡሌ ብሎ ወጣና ከሩቁ ነገሌ ደወለ። ደህና ነኝ፣ መንገዱም ጥሩ ነው አለ፤ እንዴት እንደሚዞር ብቻ እንደጠፋው ተናገረ። አንድ ወንጌላዊ ከሞያሌ ደወለ። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ሁኔታውን በአካል ለማየት በታጠበ ሞተሩ ተነሳ፤ ከሄደበት ሁሉ ሪፖርት ይልካል፤ ሪፖርቱም በየጊዜው ይበልጥ ከራቀ ቦታ ይደርሳል። መሥሪያ ቤቱ በትጋቱ የምስጋና ወረቀት አዘጋጅቶለት መመለሱን ይጠብቃል።

ሽብሩ ነገሩ፣ ከእድፉ ጋር አደራዋም ታጥቦ መውጣቱ፣ ከማንም ቀድሞ ገብቶታል። ማጠቡን ግን አልተወም።

በመጨረሻ የቀረው የበራሶ ሞተር ነበር። በራሶ የክትባት ሳጥን ጭኖ የገጠር ጤና ኬላዎችን የሚዞር ሰው ነው። ሞተሩን እየገፋ መጣ።

«ጋሼ፣ ዳገት ላይ እያነቀው ነው። እርስዎ ጋ ያልታጠበ የኔ ብቻ ነው። ስንቱ ሳቀብኝ መሰለዎት!»

«የሳቁብህ ሰዎች አሁን የት ናቸው?»

በራሶ አሰበ። «ይደውላሉ» አለ፤ ሳጥኑን ሊያስሞላም ሄደ።

ካርቦሬተሩ ተፈታቶ ቅርጫት ውስጥ እንደገባ የበራሶ ሚስት ዘርፌ ደረሰች። ክንዷ ላይ የወንድ ሹራብ ነበር።

«ጋሼ ሽብሩ፣ ያውጡት።»

«ያንቀዋል'ኮ ዘርፌ።»

«ይነቀው! እየታነቀም ቢሆን ማታ ይመጣል። እኔ የሚመጣ ባል ነው የምፈልገው፣ የሚደውል አይደለም።»

«የመጨረሻዬ ነው» አለ ሽብሩ። «ከዚህ በኋላ የት አገኛታለሁ?»

«እኔስ እሱን የት ላገኘው ነው?»

ሽብሩ ቅርጫቱን ወደ ውሃው አወረደ። ማብሪያውንም ተጫነ።

ውሃው ተንቀጠቀጠ። እድፉ እንደ ጭስ ተነነ። አንዲት አረፋ ከታች ተነስታ ውሃው ፊት ላይ ተቀመጠች፤ ያኔ መብራት ሄደ። አረፋዋ አልፈነዳችም። ውስጧ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ይገላበጥ ነበር።

«ምንድን ናት?» አለች ዘርፌ።

«አስካለ ናት። መብራቱ ሲመጣ ትፈነዳና እሰማታለሁ።»

ሁለቱም መብራቱን ጠበቁ። ዘርፌ ሹራቡን ደረቷ ላይ አጥፋ ያዘች።

«ጋሼ፣ ያለው ሹራብ ይሄ ብቻ ነው» አለች። «አይመለስም ከተባለ በሄደበት እንዳይበርደው ሁለተኛ ልሥራለት። ክሩ አለኝ። እስክጨርስ ብቻ ያቆዩልኝ።»

ሽብሩ ሹራቡን አየው። አንዱ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተጠግኗል። ከዚያ ወደ ገንዳው ጎንበስ አለ፣ አረፋዋን በከንፈሩ አነሳት፣ ሳትፈነዳም ወደ ውስጥ ሳባት። ቤንዚንና ከረሜላ ቀመሰ። ትንፋሹን ይዞ ካርቦሬተሩን ከውሃው አወጣ፣ ቀዳዳውን ወደ አፉ አስጠጋ፣ ያለውን ሁሉ መልሶ ነፋበት። አንዲት ቃል እንኳ አልሰማም።

አደራው ከትንፋሹ ጋር ተመልሶ መግባቱን እርግጠኛ ስላልነበረ በራሱ አፍ ደገመው። «አደራ፣ ወደ ቤቱ መልሰው።» ከዚያ ከንፈሩን ከቀዳዳው ሳያነሳ፣ ዘርፌ እንዳትሰማው ዝቅ አድርጎ፣ አንድ የራሱን አደራ ጨመረበት።

በራሶ ሳጥኑን አስሞልቶ መጣ፤ ሞተሩ ተገጣጥሞለት ወደ ኬላዎቹ ሄደ። ሊመሽ ሲል ሞተሩ እያሳለና እየታነቀ በአስፋልቱ ብቅ አለ፤ ዘርፌ እየሮጠች ወጥታ ሹራቡን በአንገቱ አጠለቀችለት። እሱ ግን ወደ ኋላ ይመለከት ነበር። የሞተሩ ኋላ ሰው እንደተቀመጠበት ወደ ታች ሰጥሟል። ሳጥኑ ባዶ ነው። የኋላ ኮርቻውም ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ከወናጎ ጀምሮ ኋላው ከበደኝ። የኮርቻው ሞላ ላልቶ ይሆን?»

«ሞላው ነው» አለ ሽብሩ።

እጁን በቱታው ጠረገ። ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት ለማውረድ እንደሚደረገው ክንዱን ወደ ባዶው ኮርቻ ዘረጋ። ሞላው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተመለሰ።

በራሶ እስካሁን ሞላው ነው ብሎ ያምናል፤ ይህን እምነቱን የሚነካ ሰው እንዳይኖር እንለምናለን። ማምሻውን በዚያ በኩል የሚያልፍ ሁሉ፣ ሽብሩ የጋራዡን በር ገፋ አድርጎ ይዞ፣ ማንም በሌለበት፣ አንድ ሰው ቀድሞት እስኪወጣ እንደሚጠብቅ ቆሞ ቢያየው፣ ለሁለቱም እጅ ነስቶ ይለፍ፤ ለማንም ግን አያውራ።